ከፈረስ የወረድኩበት ዓመት

ባለፈው ክረምት እንጅባራ ላይ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ከኋላዬ አንድ ሰውዬ እርጥብ ቀርቀሃ በመጋዝ ይቆርጥ ነበር። ወንበርና መደርደሪያ ሠርተው መንገድ ዳር ከሚሸጡት አንዱ ነው። ሽታው ሣር ሣር ይላል፤ ትንሽ ደግሞ ጣፈጥ ያደርገዋል። ባጃጁ መጥቶ ሾፌሩ "እህቴ፣ ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጂም?" እስኪለኝ ድረስ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። እርጥብ ቀርቀሃ በሸተተኝ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ የግርፋት ፍርሃት ነው። የሚገርመው፣ በቀርቀሃ አንድም ቀን ተገርፌ አላውቅም። ይህን ለባጃጅ ሾፌር ማስረዳት ስለማይቻል "እሄዳለሁ" ብዬ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ግን ዜሮ ክፍል የገባሁበትን ዓመት ሳስብ ነው የሄድኩት።

ስድስት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ዘንገና ሐይቅ አካባቢ ነው፤ ከሐይቁ ወደ ታች ወረድ ብሎ። ቤት ውስጥ እናቴ፣ የእናቴ አባትና እኔ ነን። አባቴ የጭነት መኪና ረዳት ስለነበር አልፎ አልፎ መጥቶ ሁለት ቀን ይተኛና ይሄዳል። ስለዚህ የቤቱ ራስ አያቴ ናቸው። ሰው ሁሉ አያ ቢተው ይላቸዋል፤ እኔ አባባ እላቸዋለሁ። እርሻ አላቸው፤ ስማቸው የታወቀው ግን ፈረስ በመግራት ነው። ከጥርባም፣ ከሌላም ቦታ ያልተገራ ፈረስ እየሳቡ ያመጡላቸዋል። ከፈረስ ጋር የሚያወሩት ሁልጊዜ በአዊኛ ነበር፤ እኔም ፈረስ አማርኛ የማይገባው ይመስለኝ ነበር።

ቀኔ ሳይደርስ ነው የተወለድኩት። የቆምኩት ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው ይላሉ። ከዚያ በኋላም ቢሆን እግሬ ለመሄድ ያህል ይሄዳል እንጂ፣ ሲሮጥ ይጠላለፋል፣ ቁልቁለት ላይ ይከዳኛል። ደረቅ ሜዳ ላይ ቆሜ የምወድቅ ልጅ ነበርኩ። ቤተሰቡ ደግሞ መፍትሔ አገኘና አረፈው፤ እንዳልወድቅ አለመሄድ! ከጓሮ ወደ ደጅ እናቴ አዝላኝ፣ ከደጅ ወደ ሌላ ቦታ አባባ ዳማ ላይ አስቀምጠውኝ። ዳማ የአባባ ፈረስ ነው። ጎረቤት "ይቺ ልጅ እግሯ እንዴት ነው?" ብሎ ሲጠይቅ አባባ "እግሯ እኔ ነኝ፤ ምን ቸገራት?" ይሉ ነበር። እኔም በዚህ ኩራት እንጂ ሌላ ነገር አይሰማኝም ነበር። የአክስቴ የዘውዴ ልጅ ባንቺ ትባላለች፤ ዕድሜያችን እኩል ነው፤ እሷ በእግሯ እየሮጠች፣ እኔ ፈረስ ላይ ሆኜ ቁልቁል አያታለሁ። እኔ የትልቅ ሰው ልጅ፣ እሷ የድሃ ልጅ ይመስለኝ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ከወንዝ ማዶ፣ ወደ አስፋልቱ ጠጋ ብሎ ነው። ወንዙ ሁለት መሻገሪያ አለው። አንዱ ፈረስና ከብት የሚሻገርበት መልካ ነው፤ ሰፊና ጠጠራማ፣ በበጋ ውኃው ከፈረስ ቁርጭምጭሚት አያልፍም። ሌላው ከላይ በኩል፣ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ጎን ለጎን ተጋድሞ የተሠራ የእግረኛ መሻገሪያ ነው። መደገፊያ የቀርቀሃ አጥር ቢጤ ታስሮለታል፤ ግን ለትልቅ ሰው ቁመት ስለሆነ ለልጅ አይረባም። በዚያ ዓመት የዜሮ ክፍሉ በር አልተገጠመም ተብሎ ትምህርት የጀመርነው ኅዳር ላይ ነው። ኅዳር ላይ ወንዙ ጎድሏል። ስለዚህ አባባ በየጠዋቱ በመልካው ያሻግሩኛል፣ ግቢው በር ላይ ከዳማ ያወርዱኛል፣ አቅፈው ወስደው አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጡኛል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሰው ይመጣሉ።

አስተማሪያችን ቲቸር ስመኝ ትባላለች። የዳንግላ ልጅ ናት፤ ከኮሌጅ ከወጣች ገና ነው። ቀጭን ናት፣ ድምፅዋ ግን ማዶ ድረስ ይሰማል። አንቱ እንዳንላት ራሷ ከልክላን ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ "ነገ ወላጆቻችሁ ቀርቀሃ ቆርጠው እንዲያመጡ ንገሩልኝ" አለችን። ለምን እንደሆነ አልነገረችንም። ብትነግረንም አንሰማ ይሆናል።

ለአባባ ነገርኳቸው። አባባ ጓሯችን ውስጥ የቀርቀሃ ጫካ አላቸው፤ ማምሻውን ማጭዳቸውን ይዘው ገቡ። ቀጭን ቀጭኑን፣ ለጋ ለጋውን እየመረጡ ቅጠሉን መልምለው አንድ ትልቅ እስር አሰሩ። እርጥቡ ቀርቀሃ ደጃችን ላይ ተጋድሞ ቤቱ ሁሉ እሱን እሱን ሸተተ። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቃቸው "አስተማሪሽ አርጩሜ አልቆባት ነው" አሉኝ በጣም ረጋ ብለው። ጨዋታቸውን አይደለም፤ እውነት መስሏቸው ነው። እሳቸው ቄስ ትምህርት ቤት ሲማሩ እንዲህ ነበራ! ነገ የምገረፍበትን አርጩሜ ስቆጥር አመሸሁ፤ መቁጠር የምችለው እስከ ሃያ ስለሆነ ከሃያ በላይ መሆኑን ብቻ አወቅሁ።

በነጋታው አባባ እስሩን ተሸክመው እኔን ዳማ ላይ አድርገው መጡ። እኔ ከቤት ጀምሮ እያለቀስኩ ነው። ቲቸር ስመኝ በር ላይ ቆማለች።

"ይኸው ልጄ" አሏት፤ "ለጋውን ነው የመረጥኩልሽ። አይሰበርም፤ ሲያርፍ ግን ይሰማል።"

ቲቸር እስሩን አየች፣ እኔን አየች።

"አባቴ፣ እኔ እኮ የፈለግሁት ወፍራሙን ነበር።"

"ወፍራሙን?" አባባ ደነገጡ። "ኧረ ልጄ፣ በወፍራሙማ ይሞታሉ!"

ያን ጊዜ ሳቀች፤ ሳቅዋ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ሳቀች። "ልጆቹ እንዲሄዱበት ነው አባቴ! እንዲዘሉበት፣ እንዲንጠለጠሉበት ነው።" አባባ ግራ ገባቸው። ባይገባቸውም እንግዳ ሰው ጠይቆ እምቢ ማለት ነውር ነውና፣ ከሰዓት በኋላ ስድስት ወፋፍራም ቀርቀሃ በዳማ አስጎትተው አመጡላት። ከሌሎቹ ወላጆችም ሁለቱ አርጩሜ ይዘው መጥተው ነበር። አርጩሜው ሁሉ የአትክልት ቦታ አጥር ሆነ። የእኔ አፍንጫ ግን እስከ ዛሬ አላመነም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ከፊደል በፊት የእንቅስቃሴ ሰዓት ሆነ። ግቢው ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል እንሠራለን። መሬት ላይ ገመድ ዘርግታ እሱን ይዘን እንሄዳለን። አሮጌ የባጃጅ ጎማ እናንከባልላለን። በጨርቅ የተጠቀለለ ኳስ ቅርጫት ውስጥ እንወረውራለን። በሁለት እንጨት ላይ በተጋደመ ቀርቀሃ እንንጠለጠላለን። በአንድ እግራችን ቆመን እሷ ትቆጥራለች። ቀኑ ዝናብ ከሆነ ደግሞ ክፍል ውስጥ ባቄላና ሽምብራ ቀላቅላ ታፈስልንና በሁለት ጣት እየለቀምን እንለያለን። ይህንን ለእናቴ ስነግራት "ያንንስ እኔም ቤት አሠራሽ ነበር" አለች።

ባንቺ በሁሉም አንደኛ ናት። እኔ በሁሉም መጨረሻ። በአንድ እግር ስቆም ቲቸር "አንድ" ብላ "ሁለት" ከማለቷ እወድቃለሁ። ወዲያው ደብተሯን አውጥታ ትጽፋለች። የእያንዳንዳችን ስም ያለበት ደብተር ነበራት። እኔ ደግሞ እግሬን እየከሰሰች የምትጽፍ ይመስለኝ ነበር፤ ደብተሩ ሲሞላ ለዳይሬክተሩ ሰጥታ የምታስባርረኝ። ስለዚህ ስትጽፍ ሳያት ቁጭ ብዬ እግሬን ከሥሬ አጥፌ እደብቃለሁ።

መንጠልጠሉን ብቻ እወድ ነበር፤ እሱም በሌላ ምክንያት ነው። አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ክንዱን በራሱ ላይ አሳልፎ ማዶ ያለውን ጆሮውን መንካት አለበት ብላ ባንቺ ነግራኛለች። ትልልቆቹ ሁሉ እንዲህ ተለክተው ነው የገቡት። የእኔ ክንድ አይደርስም። እንግዲህ ይህ ሁሉ መንጠልጠል፣ ይህ ሁሉ ውርወራ ክንድ ለማስረዘም ነው ብዬ ደመደምኩ። ቤት ስገባ አባባን ክንዴን ይሳቡልኝ እላለሁ፤ እሳቸው ቅቤ ቀብተው ቀስ ብለው ይስቡልኛል። በየምሽቱ በስንዝራቸው ይለኩታል። "አደገ" ይሉኛል። ውሸታቸውን ነው፤ ግን ደስ ይለኛል።

የካቲት ላይ ይመስለኛል፣ ቲቸር ስመኝ አባባን ሊወስዱኝ ሲመጡ አስቆመቻቸው። እኔ ዳማ ላይ ወጥቻለሁ።

"አባቴ፣ በእግሯ አትመጣም?"

"ምን በወጣት! ፈረስ እያለ?"

"አንደኛ ክፍል መስከረም ላይ ነው የሚጀመረው። መስከረም ላይ መልካው ሙሉ ነው፤ ፈረስ አይገባበትም። በግንዱ ነው የሚኬደው። ያኔ ማን ያሻግራታል?"

አባባ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን አሹ። ግራ ጉልበታቸውን ፈረስ ረግጧቸው ከዚያ ወዲህ አይታጠፍላቸውም፤ ግንዱ ላይ ከወጡ ዓመታት አልፈዋል። እናቴ ደግሞ እርጉዝ ነበረች፤ ነሐሴ ላይ ነው የምትወልደው። አባቴን መቁጠር አይቻልም። ዘውዴ የራሷን ልጆች ታሻግር ወይስ እኔን? አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ሰው ይሸከማል፤ ዓመቱን ሙሉ ግን ማን ይሸከማል?

"እንግዲያ አንድ ዓመት ትቆያለች" አሉ አባባ። "ምን አጣደፋት?"

ፈረስ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ባንቺ ትሄዳለች፣ እኔ እቆያለሁ። ቤት ስንደርስ ለእናቴ ነገሯት፤ ማታ እናቴ ለብቻዋ "ዘንድሮ የቆየች የዛሬ ዓመትም ትቆያለች" ስትል ሰምቻለሁ። እናቴ ራሷ ሦስተኛ ክፍል ላይ እንዲህ "ትንሽ ትቆይ" ተብላ ነው የቀረችው።

በነጋታው ቲቸር ስመኝ ከትምህርት በኋላ ወንዙ ድረስ መጣች። ክር ይዛ የግንዱን ስፋት ለካች፣ ርዝመቱን በልጅ እርምጃ ልክ ቆጠረች። ከዚያ ግቢው ውስጥ ሁለት ወፍራም ቀርቀሃ ጎን ለጎን አሥራ፣ ልክ በግንዱ ስፋት፣ መሬት ላይ አጋደመች። በእሱ ላይ መሄድ ነው። መሬት ላይ ስለሆነ የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ እኔ ግን ሦስት እርምጃ ሳልሄድ እወርዳለሁ። "ክንድሽን ዘርጊ፤ ጫፉን እዪ፤ እግርሽን አትዪ" ትለኛለች። እግሬን ካላየሁት ምን እንደሚያደርግ በምን አውቃለሁ? በየሁለት ሳምንቱ ከሥሩ ድንጋይ እየጨመረች ከፍ ታደርገዋለች። መጋቢት መጨረሻ ላይ ሰባት እርምጃ ደረስኩ። በአንድ እግር ደግሞ እስከ ስድስት። ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ ያን ቀን እግሬን አልደበቅሁም።

ሚያዝያ ላይ ወደቅሁ። ከፋሲካ ዕረፍት በተመለስን በሦስተኛው ቀን ነው። ቀርቀሃው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሏል፤ ጠዋት ካፊያ ጥሎ ስለነበር ያዳልጣል። ጫፉ ላይ ልደርስ ስል ባንቺ "ደረሰች! ደረሰች!" ስትል ወደ እሷ ዞርኩ። አገጬ ድንጋዩ ላይ አረፈ። ብዙም አላመመኝ፤ ደሙ ግን ሸሚዜን አበላሸው። ቲቸር በውኃ አጥባ ጨርቅ አሰረችልኝ።

አባባ ሲመጡ "በስመአብ!" አሉና ዳማን እንኳ ሳያስሩ ገቡ።

"ልጄን ፊደል አስተምሪልኝ ብዬ ሰጠሁሽ፤ አንቺ ግን ገደል ለገደል ታንከራትቻታለሽ! ከዛሬ ጀምሮ አትመጣም። ጨርሻለሁ!"

አቅፈውኝ ወጡ። ባንቺ በሩ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ እሷ ናት ያስጣለችኝ መሰላት። እኔ ደግሞ አባባ ተቆጡልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ "አትመጣም" ያሉት ለነገ ብቻ መስሎኝ። በነጋታው ዳማ አልተጫነም። በማግስቱም። ሦስተኛው ቀን ላይ ነው የገባኝ፤ አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ባንቺ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሳይ።

ሁለት ሳምንት አልፎ ቲቸር ስመኝ ራሷ መጣች። "ቤቶች!" ስትል እናቴ ደንግጣ መቀመጫ ዱካ አወጣችላት፣ ድንች ቀቅላ አቀረበች። አባባ ደጅ ላይ አንዲት ውርንጭላ ይዘው ያለማምዱ ነበር። ሥራቸውን ትተው አልመጡም፤ ገመዱን እንደያዙ ነው ያነጋገሯት።

"አባቴ፣ ልጅቷን ይመልሱልኝ።"

"አገጯን ተተርትራ የመጣችውን? እኔ ልንገርሽ፤ ልጅ ትንሽ ሲያድግ በራሱ ጊዜ ይጠነክራል።"

"ሌሎቹ በራሳቸው ጊዜ አይደለም የጠነከሩት። ቦይ ሲዘሉ፣ ዛፍ ሲወጡ፣ ሲወድቁ፣ ሲነሱ ነው። እሷ መች ዘለለች? ስድስት ዓመት ሙሉ ወይ ጀርባ ላይ ወይ ፈረስ ላይ ናት።" ደብተሯን ገልጣ አሳየቻቸው። አባባ ማንበብ ትንሽ ትንሽ ነው የሚችሉት። "ይሄ እሷ ናት። ኅዳር ላይ በአንድ እግር ሁለት አትሞላም፤ አሁን ስድስት። ቀርቀሃው ላይ ከሦስት ተነሥታ አሥራ አንድ እርምጃ። የወደቀች ቀን አሥራ አንደኛው ላይ ነበረች። የግንዱ ርዝመት አሥራ አምስት ነው።"

"እኔ እያለሁ እግሯ ጭቃ አይነካም!"

"እርስዎ እስከ መቼ ነው ያሉት፣ አባቴ?"

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንዲህ ያለ ነገር ለአያ ቢተው የሚናገር ሰው አይቼ አላውቅም። ቲቸርም ከአፏ ካመለጣት በኋላ ፊቷ ቀላ። አባባ ውርንጭላይቱን እያሻሹ ቆሙ።

በመጨረሻ የተናገረችው እናቴ ናት። እናቴ በአባቷ ፊት ብዙ የምትናገር ሴት አልነበረችም።

"አባዬ፣ ያቺን ውርንጭላ ወንዝ የሚያሻግሯት ተሸክመው ነው?"

"ምን?"

"ይመልሱልኝ እንጂ። ተሸክመው ነው?"

"ውርንጭላ ማን ይሸከማል? ማዶ ቆሜ ነው የምጠራት። መጀመሪያ ትፈራለች፣ ትመለሳለች፤ አንድ ሁለቴ ትንሸራተታለች፤ ከዚያ..."

አልጨረሱትም። ገመዱን አጥሩ ላይ አሰሩና ወደ ጓሮ ሄዱ። ቲቸር ስመኝ ተሰናብታ ሄደች፤ ድንቿን አልጨረሰችም። እናቴ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ የተጣሉት በእኔ ምክንያት መሆኑን እንጂ ማን እንዳሸነፈ አላወቅሁም።

በነጋታው ጠዋት ዳማ ተጭኖ ቆሞ አገኘሁት። እስከ ወንዙ በፈረስ፤ ከወንዙ ማዶ ግን አወረዱኝና "ሂጂ" አሉኝ። በዝግታ እየሄድኩ፣ እሳቸው ከኋላዬ ፈረሱን እየሳቡ፣ አርፍደን ደረስን። ቲቸርን ይቅርታ አልጠየቋትም፤ እሷም አልጠየቀቻቸውም። "ደህና አደሩ?" "ደህና አደርሽ?" ብቻ።

ቤት ደግሞ አባባ በራሳቸው መንገድ ያዙኝ። ደጃችን ላይ ሁለት ቀርቀሃ አሥረው በድንጋይ ከፍ አደረጉ። ጫፉ ላይ ቆመው ይጠሩኛል፤ በአማርኛ አይደለም፣ ለፈረስ በሚያወሩበት በአዊኛ፣ በዚያው ድምፅ፣ በከንፈራቸው እያፏጩ። ስደርስ የገብስ ቆሎ መዳፋቸው ላይ አድርገው ይሰጡኛል። ስወድቅ አያነሱኝም፤ ዞር ብለው ሌላ ነገር የሚያዩ ይመስላሉ። ዞር ሲሉ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው፤ ጉንጫቸው ላይ ይታየኛል። እናቴ ከበር ሆና "ኧረ ልጄን ፈረስ አደረጓት!" እያለች ትስቅ ነበር። እኔም ለቆሎው ስል እሄዳለሁ። አንድ ቀን ለቲቸር ስመኝ አባባ ቆሎ እየሰጡ እንደሚያሠሩኝ ነገርኳት፤ በሚቀጥለው ሳምንት እሷም ኪሷ ውስጥ ቆሎ ይዛ መጣች።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ቲቸር ሁላችንንም ወደ እውነተኛው ግንድ ወሰደችን። ውኃው ገና ትንሽ ነበር። ባንቺ እየዘለለች ተሻገረች። እኔ መሀል ደርሼ ከሥሬ ውኃው ሲሄድ አየሁና ግንዱ የሚሄድ መሰለኝ። ቁጭ አልኩ። በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ ተመለስኩ። ማንም አልሳቀብኝም፤ እሱ ይበልጥ ከፋኝ። ቲቸር ደብተሯን አላወጣችም። "ክረምቱ አለልን" አለች ብቻ።

ሰኔ ላይ ለአንደኛ ክፍል ስም ሲመዘገብ መዝጋቢው ከዜሮ ክፍል ዝርዝር ላይ እያየ ዝም ብሎ ጻፈን። ጆሮ የሚባል ነገር አልጠየቀም። እኔ ግን ይህን ሁሉ ወር የተሳበ ክንድ በከንቱ ላስቀር አልፈለግሁም፤ ማንም ሳይጠይቀኝ ክንዴን በራሴ ላይ አሳልፌ ጆሮዬን ይዤ ቆምኩ። በጣቴ ጫፍ ደርሶልኝ ነበር። ሰውዬው ቀና ብሎ "ጆሮሽን አሞሻል?" አለኝ። አባባ ግን ስሜ ተጻፈ ማለት እሄዳለሁ ማለት እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ሲመለሱ ለእናቴ "ግንዱን ከቻለች ትሄዳለች፤ ካልቻለች ጭንቅ የለም" አሏት። እናቴ "ትችላለች" አለች።

ክረምቱ ዝናብ ብቻ ነበር። አባባ ቀርቀሃውን ወደ ጉልበታቸው ከፍታ አስነሡት፤ ሥሩ ላይ ገለባ ጎዘጎዙበት። ከዝናብ ዝናብ መሀል፣ እንጨቱ እርጥብ እንደሆነ፣ እወጣለሁ። ነሐሴ ላይ እናቴ ወንድሜን ወለደች። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ ቤት ውስጥ ሲርመሰመስ እኔና አባባ ደጅ ነበርን። የወንዙ ድምፅ ከቤታችን ይሰማል። አባባ ራቅ ያለውን ድምፅ እየሰሙ "ዘንድሮ ከበደ" ይላሉ፤ ከዚያ "እስኪ ደግሞ አንድ ጊዜ" ይሉኛል።

መስከረም ላይ ትምህርት የሚጀመርበት ጠዋት እናቴ አራስ ስለነበረች በር ላይ ቆማ ነው የሸኘችኝ። እስከ ግንዱ ዳማ ላይ ሆኜ ሄድኩ። ባንቺና እናቷ ዘውዴ ቀድመው ቆመዋል። ውኃው ቡናማ ሆኖ ግንዱ ሥር ይጋፋ ነበር። አባባ አወረዱኝ። ዘውዴ "ከኋላዋ ነኝ፤ አይዞዎት" አለቻቸው። አባባ የሚያውቁት አሠራር ማዶ ቆሞ መጥራት ነው፤ ማዶ ግን መሄድ አይችሉም። ይህን ያሰብኩት አሁን ነው፤ ያን ጊዜ የታየኝ ቆመው ልጓሙን ሲጠቀልሉና ሲፈቱ ነው።

ባንቺ ሄደች። እኔ ወጣሁ። ግንዱ ከቀርቀሃው ይልቅ ሰፊ መሰለኝ፤ ስፋቱ ግን እኩል ነው፣ ቲቸር ለክታዋለች። ክንዴን ዘረጋሁ። ባንቺ ማዶ ቆማ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ሚያዝያ ላይ ያስጣለችኝን አልረሳችውም። እሷን እያየሁ ሄድኩ። ስንት እርምጃ እንደሆነ አልቆጠርኩም። መሬት ስረግጥ ዘውዴ ከኋላዬ "እሰይ!" ስትል ሰማሁ፤ ዞርኩ።

አባባ ማዶ ናቸው። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ አሁን እሳቸው ይመጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልመጡም።

"አባባ ይምጡ እንጂ! ቀላል ነው እኮ! ክንድዎን ይዘርጉ፤ እግርዎን አይዩ!"

ዘውዴ ትከሻዬን ያዘችኝ። አባባ ከወንዙ ድምፅ በላይ ጮኸው "እኔ አልችልም!" አሉ። "ሂጂ፤ ደወል ይደወላል!"

አባባ የማይችሉት ነገር አለ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቆሜ ቀረሁ። እንደገና "ሂጂ!" አሉ፤ ይህን ጊዜ ተቆጥተው። እያለቀስኩ ሄድኩ። ባንቺ ቦርሳዬን ያዘችልኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ ስንመለስ አባባ እዚያው ነበሩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዳማ ሣር ይግጣል፣ ኮርቻው እንኳ አልወረደም። ሲያዩኝ ተነሡ። ዘውዴ ከኋላዬ ናት። በግንዱ ላይ ወደ እሳቸው ስሄድ ፊታቸውን እያየሁ ነው የሄድኩት። ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ እንደ ወትሮው እጃቸውን ይዘረጉልኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሁለቱም እጆቻቸው ጋቢያቸው ውስጥ ነበሩ። መሬት ረግጬ ፊታቸው ቆምኩ።

"ለምን እጅዎን አልሰጡኝም?"

"መች ጠየቅሽኝ?" አሉ። ከጋቢው ሲያወጧቸው ጣቶቻቸው እርስ በርሳቸው ተቆላልፈው ነጭ ሆነው ነበር።

ወደ ዳማ ሊያነሡኝ ጎንበስ አሉ። "በእግሬ ነው" አልኳቸው። ቀና ብለው ጉልበታቸውን እየጎተቱ ብቻቸውን ኮርቻው ላይ ወጡ። ከፊት እኔ በእግር፣ ከኋላ እሳቸው በፈረስ ዳገቱን ወጣን። ሁለቴ ወደቅሁ፤ ፈረሱን አቁመው ጠበቁኝ።

እናቴ ሕፃኑን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ነበር። ጭቃ የሆነ ጉልበቴን አየች።

"አባባ አመጡሽ?"

"አይ" አልኳት፤ "እኔ ነኝ ያመጣኋቸው።"